የመስታወት ፓስታ ይዤ ደባርቅ

መጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ከጎንደር መናኸሪያ የደባርቁን ሚኒባስ የተሳፈርኩት ጎህ ሲቀድ ነበር። እግሬ ሥር ባስቀመጥኩት ዘንቢል ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለልጅ ልጄ የገዛሁት ሹራብ እና አራት እሽግ የቻይና ፓስታ አለ። ሽሮውንና በርበሬውን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ ፓስታው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁበትን ሙያ ለጥቂት ወራት ያስረሳኝ፣ መልሶም ያስታወሰኝ እሱ ነውና።

ፓስታ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ትልቁ ልጄ ለትምህርት ሁለት ዓመት ቻይና ቆይቶ ሲመለስ ይዞት መጣ። ሲያዩት የነጭ ክር ልቃቂት ይመስላል፤ ደረቅ ነው፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ውሃ ሲያገኘው ግን ነጭነቱ ይጠፋና እንደ መስታወት ማዶውን ያሳያል። በብዙ አገር የመስታወት ኑድልስ የሚባለውም ለዚህ ነው። ቻይናዎች ፈንሲ ይሉታል፤ የዱቄት ክር እንደማለት ነው። ጃፓኖች ደግሞ ሀሩሳሜ ብለውታል፤ የፀደይ ዝናብ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን እሽግ አበላሸሁት። ፓስታ ፓስታ ነው ብዬ ውሃ አፍልቼ ሃያ ደቂቃ ቀቀልኩት። ክዳኑን ስከፍት ያገኘሁት ሙጫ ነው። ባለቤቴ ማንኪያ ቢያስገባ የድስቱ ሁሉ አብሮ ተነሣ። ልጄ እስኪበቃው ስቆ ሲያበቃ፣ “እማዬ፣ ይሄ አይቀቀልም፣ ይነከራል” አለኝ።

ለምን እንደማይቀቀል የገባኝ አሠራሩን ሲያስረዳኝ ነው። ጥሬ ዕቃው ማሾ ነው፤ አረንጓዴዋ ትንሽ ጥራጥሬ። ማሾው ይነከራል፣ ከውሃ ጋር ይፈጫል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ነጩ ዱቄት ከሥር እስኪዘቅጥ ይቀመጣል። የደቡብ እናቶች ከእንሰት ቡላ የሚያወጡበትን መንገድ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤ ያም ቢሆን የዘቀጠው ነጭ ነው የሚፈለገው። ቻይናዎቹ ያንን ነጭ ዱቄት አቡክተው በቀዳዳ ዕቃ እየጨመቁ ወደ ፈላ ውሃ ያወርዱታል። ክሩ እዚያው ይበስላል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከርና ይደርቃል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሲደርስ አንድ ጊዜ በስሎ ያለፈ ነው። ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢነከር ይበቃዋል። በዚህ ሥራ ስሙ የተጠራው በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ያለው የሎንግኮ ከተማ ነው።

ሚኒባሱ በፒያሳ በኩል ሲያልፍ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችን እያየሁ ስለ ሌላው ፓስታ አሰብኩ። ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ በመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር ላይ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ሰዎቹ ሄዱ፣ ፓስታው ቀረ። እኛ ደግሞ በበርበሬ ሠርተን በእንጀራ መብላት ጀመርን፤ ጣሊያን ቢያየን ይደነግጥ ነበር። እንግዳ ምግብ ከመጣ በኋላ የእኛ መሆኑ አይቀርም። ቁም ነገሩ አብሮት ምን እንደምንበላ ነው። ይህንን ግን ያን ጠዋት ገና አላሰብኩትም።

ወለቃን እንዳለፍን መንገዱ ሽቅብ ይጀምራል። ኮሶዬ ላይ በአንድ ወገን መሬቱ ድንገት ያበቃና ገደሉና ቆላው ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ስለጠነከረ ጋቢዬን ደረብኩ። ማሳው ታጭዶ አልቋል፤ አንዳንዱ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ዳባት ስንደርስ ወጣቶቹ ወርደው ሻይ ሲጠጡ እኔ ጾሜን ስለያዝኩ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። በወጣትነቴ ይህንን መንገድ በጭነት መኪና፣ አቧራ እየጠጣሁ ነበር የምሄደው። ያን ጊዜ ክትባት የያዘውን የበረዶ ሣጥን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ላይ ያለው ዘንቢል ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ስንት ባለሙያ ወደዚህ ደጋ እንደላከ የሚያውቀው ይህ መንገድ ነው።

100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ደባርቅ ገባን። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ናት፤ ፈረንጆቹ ወደ ጭላዳውና ወደ ዋልያው የሚያልፉት በእሷ በኩል ነው። እኔ ግን የሄድኩት ወደ ትንሿ ልጄ ቤት ነው። መምህርት ናት። አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር።

“እማዬ፣ ፓስታውን አመጣሽለት?” አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። “ለሌላ ነገር እኮ አፉን አይከፍትልኝም።”

ነገሩ የተጀመረው በገና ነው። ልጆቼ ሁሉ ጎንደር ተሰብስበው ሳለ ፓስታውን በካሮትና በጥቅል ጎመን ሠርቼ አቀረብኩ። ያ ምግብ አስመራሪ የልጅ ልጄ አንዷን ክር በጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃን አሳየና ዋጣት። ከዚያ ሌላ ጠየቀ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበለት። ልጄ ስትመለስ የቀረኝን እሽግ ሁሉ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ወንድሟ አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ካለ የእስያ ዕቃ መሸጫ እየገዛ ይልክላታል። በስልክ “በላ ወይ?” ስል “ሳህኑን ጠርጎ!” ትለኛለች። አያት ከዚህ በላይ ምን ትሻለች?

ልጁን ብድግ ሳደርገው ግን እጄ አንድ ነገር ነገረኝ። ቀለለኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቦርሳዬ ውስጥ የምትቀመጥ የክንድ መለኪያ ሜትር አለችኝ። የምትጫወት አስመስዬ የግራ ክንዱን፣ በትከሻውና በክርኑ መካከል ለካሁት። 12 ነጥብ 7 ሴንቲ ሜትር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከ12 ነጥብ 5 በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ እንላለን፤ ከ11 ነጥብ 5 በታች ደግሞ በአስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ከባድ እጥረት ነው። ከመስመሩ በላይ ነው፤ ግን ለጥቂት።

“ካርዱን አምጪልኝ” አልኳት። የዕድገት መከታተያ ካርዱን ስታመጣ ከሦስት ወር በፊት 10 ነጥብ 6 ኪሎ ይላል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስደን ስናስመዝነው 10 ነጥብ 4 ሆነ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሦስት ወር ውስጥ መጨመር ሲገባው ቀንሷል። ሌላ ሕመም እንዳይሆን አስመረመርነው፤ ሰገራውም ታየ፣ ምንም አልተገኘበትም።

“ጠዋት ምን ይበላል?” አልኳት ወደ ቤት ስንመለስ።

“ፓስታውን።”

“ማታስ?”

“ያው ፓስታውን፤ ወይ በእንጀራ ትንሽ።”

“እንቁላልስ?”

ቆማ አየችኝ። “እማዬ! በዐቢይ ጾም?”

“አንቺን አልጠየቅሁም። እሱን ነው።”

“አንድ መጥበሻ ነው ያለኝ። በእሱ እንቁላል ጠብሼ እኔ በምን ልሠራ? ጎረቤትስ ሽታው ሲደርሰው ምን ይለኛል?”

በሥራ ዘመኔ ይህንን መልስ የሰጡኝን እናቶች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ዶሮዋ ደጅ ላይ እየተንጎራደደች፣ እንቁላሉ ለገበያ እየተጠራቀመ፣ ልጁ ለ55 ቀን በሽሮ ውሃ በራሰ እንጀራ ይከርማል። እናትየው ጨካኝ ሆና አይደለም፤ ዕቃዋ እንዳይነካባት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶዎቹ የቀነጨሩ እንደሆኑ አሳይቷል፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ከመቶ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ድንቹ በሚመረትበት አገር! ሌሎችን ሳስተምር የኖርኩበት ችግር በልጄ ቤት፣ ያውም በእኔ ስጦታ በኩል ገብቶ አገኘሁት።

ያን ዕለት ማታ መነጽሬን አድርጌ የእሽጉን ጀርባ አነበብኩ። ከገና ጀምሮ ሳላነበው መክረሜ አሳፈረኝ። በ100 ግራም ደረቅ ፓስታ ውስጥ 86 ግራም ገደማው ኃይል ሰጪ ነው። ገንቢው ከ1 ግራም በታች ነው፤ ምንም የለውም ማለት ይቻላል። ማሾው ራሱ ሳይነካ ቢበላ ግን በ100 ግራም 24 ግራም ገደማ ገንቢ ምግብ አለው። የት ሄደ? ነጩ ዱቄት ተለይቶ ሲወጣ ገንቢው፣ ገለባውና አብዛኛው ማዕድን ከውሃውና ከአሠሩ ጋር ይቀራል። መስታወት ሆኖ የሚታየን ሌላው ሁሉ ስለተወሰደበት ነው። ስሙ “ከማሾ የተሠራ” ስለሚል ጥራጥሬ ያበላን መሰለን። ሆዱ ይሞላል፣ ልጁ ይጠግባል፣ ሌላ አያስፈልገውም፤ ክንዱ ግን ይቀጥናል።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አልኳት ልጄን። “አንቺ ያመጣሁልሽን ነው የሰጠሽው።” አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ረጠበ፤ ግን ለቅሶ ኪሎ አይጨምርም።

በማግስቱ የነፍስ አባቷን አነጋገርናቸው። ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሰምተው፣ “ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም የለበትም። የልጁን አብስዪለት፣ አንቺ ጾምሽን ጹሚ” አሏት። የፈራችው ሁሉ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለቀ። ከእሳቸው ቤት በቀጥታ ወደ ገበያ ሄደን አንዲት ትንሽ ድስት ከነክዳኗ፣ አንዲት ማንኪያና አንዲት ሳህን ገዛን። “የእሱ ዕቃ” ተብላ ለብቻዋ ምስማር ተመታላት። የእናቱ መጥበሻም ሳይነካ ቀረ።

ከዚያ ፓስታውን ጣልነው? አልጣልነውም። ልጅ የወደደውን መንጠቅ ጥሩ አይደለም፤ ወዳጁ እንዲሆን አድርጎ ሌላውን በእሱ ላይ ማሳፈር ይሻላል። እዚህ ላይ ቻይናዎች ራሳቸው አስተማሩኝ። በሲቹዋን አንድ የታወቀ ምግብ አላቸው፤ ስሙ “ጉንዳን ዛፍ ላይ ሲወጣ” ማለት ነው። በደቃቁ የተከተፈ ሥጋ ከፓስታው ጋር ይማሰልና ክሩ ላይ ይጣበቃል፤ በሹካ ሲያነሡት ጉንዳን ቅርንጫፍ ላይ የወጣ ይመስላል። በአገሩ ፓስታው ብቻውን የሚበላ አይደለም። ኮሪያዎች ከስኳር ድንች የሚሠራውን ወፍራሙን ዓይነት በሥጋና በአትክልት አማስለው ለድግስ ያቀርቡታል፤ ጃፕቼ ይባላል። ታይላንዶች በሎሚና በቃሪያ ሰላጣ ያደርጉታል፣ ሽሪምፕና የተፈጨ ሥጋ ይጨምሩበታል። ቬትናሞችም ከዶሮ ጋር ሾርባ ይሠሩበታል። ባለቤቶቹ አጃቢ አድርገው የሚበሉትን እኛ ነን ብቻውን ያቀረብነው።

ለልጁ የሠራሁት እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ እፍኝ ፓስታ ለብ ባለ ውሃ ነከርኩ፤ ሲለሰልስ እንዳያንቀው በመቀስ አጠር አጠር አድርጌ ቆረጥኩ። በትንሿ ድስት ዘይት አሙቄ ሽንኩርት፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና የተፈቀፈቀ ካሮት አቁላላሁ። ሩብ ብርጭቆ ውሃ ጨምሬ ፓስታውን ገለበጥኩበት፤ ውሃውን እስኪጠጣ ሦስት ደቂቃ በቃው። በመጨረሻ ሁለት እንቁላል መትቼ አፈሰስኩበትና በደንብ እስኪበስል አማሰልኩ። ጨው በጣት ጫፍ ብቻ። አንዱ እንቁላል ብቻውን 6 ግራም ገደማ ገንቢ አለው። ቀድሞ ድስት ሙሉ ፓስታ ያልሰጠውን ማለት ነው።

የደባርቅ እናቶች አንድ ነገር ይወቁልኝ። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የጣሊያኑ ፓስታ፣ ባቄላውና ሽምብራው ከጎንደርም ይልቅ እዚያ የሚዘገዩት ለዚህ ነው። የመስታወቱ ፓስታ ግን ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ደጋው አያስቸግረውም፤ ማገዶም አይበላም። ልጄ የወደደችው አንዱ ምክንያትም ይህ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ደክሟት ስትገባ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። እውነቷን ነው።

ልጁ ሳህኑን አየና እንቁላሉን በጣቱ ለየው። “ጉንዳን ናቸው” አልኩት። “ዛፍ ላይ እየወጡ ነው፤ ሳያመልጡህ ብላቸው።” አንዷን ጉንዳን ቀመሰ። ከዚያ ሁለተኛ። ሦስተኛው ቀን ላይ “ጉንዳን!” እያለ ራሱ ይጠይቅ ጀመር። እኔ ጥቂት ቀን ቆይቼ ፓስታውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ እንቁላሉን፣ የተፈጨውን ክክና ድንቹን እየጨመርኩ ሄድኩ። ለእኛ ለጿሚዎቹ ደግሞ በእንቁላሉ ፋንታ የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ቃሪያና ሎሚ ጨመርንበት። ከደባርቅ ገበያ በገዛነው ነጭ ሽንኩርት ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ሹራቤን ለብሼ እሳት ዳር ተቀምጬ የበላሁት ያ ምሳ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ለእኩዮቼ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። የእስያ ምግብ ሲሠራ የአኩሪ አተር ሶስ የሚባለው ጥቁር ፈሳሽ ይጨመርበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያው ከ2 ግራም በላይ ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው ነው የሚመክረው። ባለቤቴ የደም ግፊት ስላለበት እኛ ቤት በሻይ ማንኪያ እየተለካ ይገባል፤ ቀሪውን ጣዕም ዝንጅብልና ሎሚ ይሰጡታል። ስኳር ያለበትም ሰው “ስንዴ አይደለም” ብሎ ሳህኑን አይሙላ፤ ብዙ ከተበላ ያው ኃይል ሰጪ ነው።

ለፋሲካ ልጄ ልጁን ይዛ ጎንደር መጣች። በር ላይ ሳላቅፈው ነው ካርዱን የጠየቅኳት። 11 ኪሎ። ክንዱ 13 ነጥብ 4። ጾሙን እሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጾማዋለች፤ ትንሿ ድስትም ከምስማሯ አልወረደችም ለማለት አይቻልም፤ በየቀኑ ወርዳለች።

እናንተም የልጅ ልጆች ያሏችሁ፣ “በላ ወይ?” ከማለት ይልቅ “ምን በላ?” በሉ። የክንድ መለኪያዋ በየቀበሌው ጤና ኬላ አለች፤ ለመለካት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ልጅ ከብዶን ከነበረ ቀልሎን ሲገኝ ካርዱን እንጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማሾ ሳጣራ ሩቅ አገር መፈለግ እንዳላስፈለገኝ ተረዳሁ። በክልላችን በሸዋ ሮቢትና በደቡብ ወሎ ቃሉ አካባቢ ገበሬው ያመርተዋል፤ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ውስጥ ገብቶ መገበያየት ጀምሯል፣ ወደ እስያ አገሮችም ይላካል። የእኛ ገበሬ ጥራጥሬውን ይልካል፣ እኛ ደግሞ ነጩን ክር ገዝተን እናስመጣለን።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ “እማዬ፣ ፓስታው አላለቀም? ስንት እሽግ ልላክ?” አለኝ።

“አንድ ይበቃል” አልኩት። “ከእሱ ጋር ሦስት ኪሎ ማሾ ላክልኝ፤ ንፍሮም ወጥም እናደርገዋለን።”